ቧንቧ ሳይነካ ፍሎራይድ የሚቀንስ ማጣሪያ

አዳማ ነው ያለሁት፣ ኪራይ ቤት፤ ቧንቧ መነካካት አይፈቀድም። የግቢው ውሃ የጉድጓድ ነው፤ ሲመረመር ፍሎራይዱ (ሲበዛ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሽ ማዕድን) በሊትር 3 ሚሊግራም ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 1.5 ነው፣ የልጆቹ ቋሚ ጥርስ ደግሞ ገና አልወጣም። ያለኝ ባለ ሁለት ባልዲ የሸክላ ማጣሪያ ድፍርሱን ያስቀራል፣ የሟሟውን ፍሎራይድ ግን ያሳልፋል። ተራ የከሰል ካርትሬጅ ጨመርኩበት፤ ጣዕሙ ተሻሻለ፣ ፍሎራይዱ ግን ያው ነው። ማፍላትማ ያብሰዋል፤ ከጀበናው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። የቀሩኝ ሁለት አማራጮች ናቸው፦ የአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ፣ ፍሎራይድ የሚይዝ) ባልዲ መብራት አይፈልግም፣ ሲጠግብ ግን በጣዕም አይታወቅም፤ በእጅ የሚሞላው የጠረጴዛ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በረቂቅ ሽፋን የሚያጣራ ማሽን) መብራት ይፈልጋል፣ ከፊሉን ውሃም ያስደፋል። በቀን 15 ሊትር ለመጠጥና ለቡና የቱ ያዋጣኛል?