«ማሽን አይደክምም» ብሎ ክርክር መዝጋት ይቻላል?

የተሳቢ ሾፌር፦
ያለ ሾፌር የሚሄድ ተሳቢ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «ማሽን አይደክምም፤ በቃ» ይላል። ትናንትም ተጻፈ። በምኑ ነው በቃ የሚባለው? እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት፣ ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና ይሠራ የነበረው ቱሲምፕል የተባለ ኩባንያ ተሳቢ በአውራ ጎዳና ላይ እየከነፈ በድንገት ወደ ግራ ታጥፎ ከኮንክሪት አጥር ጋር ተላተመ። ኮምፒውተሩ የፈጸመው ከሁለት ደቂቃ ተኩል በፊት የተሰጠና መሰረዝ የነበረበት ትእዛዝ ነው። ድካም የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ነው የተሳሳተው።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። በዚያ አደጋ ጋቢናው ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ኩባንያው ጥፋቱ የሰው ነው፤ ሥርዓቱን ሳይዘጋጅ መልሰው ሊያስነሱት ሞከሩ ብሏል። ወደ 36 ቶን የሚመዝን መኪና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑ እየተከደነ ለሚነዳ ሰው መተው ለምን ደኅንነት ይባላል?

የተሳቢ ሾፌር፦
ሳይዘጋጅ ሊነሳ የሚችል ሥርዓት ትሠሩና ያስነሳውን ሰው ትከስሳላችሁ። አሮጌ ትእዛዝ እንዳይፈጸም መከልከል የማን ሥራ ነበር?

የፍሬን መካኒክ፦
ሁለታችሁም ነገር አታደባልቁ። ኤሌክትሮኒክ ፍሬን ሌላ፣ ሾፌሩን ማስወረድ ሌላ። በድሮው የአየር ፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ አየሩ በቱቦ ተጉዞ የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። አሁን ምልክቱ በሽቦ ስለሚሄድ የፊቱም የኋላውም እኩል ሊባል በሚችል ፍጥነት ይይዛል። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ የአየሩ መንገድ አለ፤ አየሩ ቢያልቅ ፍሬኑ ውስጥ ያለው ሞላ ራሱ ጎማውን ጨምድዶ ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2015 ጀምሮ አዳዲስ ከባድ መኪኖች ራሱ የሚይዝ የአደጋ ጊዜ ፍሬን እንዲኖራቸው አስገድዷል። ይህ ሁሉ ሾፌሩን አገዘ እንጂ አላባረረም። እኔን የሚያስጨንቀኝ መሪው ነው፤ የሚያዞረው ሞተር ቢቆም ማን ይይዘዋል?

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ለዚህ ተብለው በሚሠሩ መኪኖች ላይ መሪውም ፍሬኑም ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይረከባል። አውሮራ የተባለው ኩባንያ በ2025 በአሜሪካ በዳላስና በሂውስተን ከተሞች መካከል ጋቢናውን ባዶ አድርጎ ጭነት አመላልሷል።

የተሳቢ ሾፌር፦
ጨርሰው እንጂ። በሳምንታት ውስጥ የመኪናው አምራች ፓካር ጠይቆ ወንበሩ ላይ ሰው ተመልሶ ተቀምጧል።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
የተቀመጠው ሊመለከት ነው፤ ሊነዳ አይደለም።

የሾፌር ልጅ፦
ድካም፣ ድካም ትላላችሁ፤ ሾፌሩን ማን እንዳደከመው ግን የጠየቀ የለም። አባቴ የሚከፈለው በተጓዘው ርቀት ነው። መጋዘን በር ላይ ተሰልፎ የሚያጠፋው ግማሽ ቀን ክፍያ የለውም። የአሜሪካ ሕግ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል፤ ወረፋ ሲጠብቅም ያ 14 ሰዓት መቁጠሩን አያቆምም። ከዚያ የባከነውን ለማካካስ ሌሊቱን ይነዳል።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
እህቴ፣ በደሉ እውነት ነው፤ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሾፌር ልጅ፦
እንዴት ሌላ ይሆናል? ድካሙን ማስረጃ አድርገህ ያቀረብከው አንተ ነህ።

የተሳቢ ሾፌር፦
እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ረጅም ቁልቁለት ስወርድ የአንዱ ጎማ የፍሬን ሸራ መንደድ ሲጀምር ሽታው ጋቢና ይገባል። ዳር ይዤ እወርዳለሁ፤ እጄን ወደ ጎማዎቹ አስጠግቼ የትኛው እንደጋለ እለያለሁ። ከዚያ ሕጉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አኑር የሚለውን ሦስት አንጸባራቂ ምልክት ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ባዶው ጋቢና ይህን በምን ያደርገዋል?

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ሙቀቱን ሴንሰር ይለካዋል፤ ከአፍንጫም ይቀድማል። ለምልክቱ ጋቢናው ላይ የሚብለጨለጭ መብራት አለ።

የፍሬን መካኒክ፦
ሙቀቱን እቀበላለሁ። መብራቱን ግን አልቀበልም። መኪናው ኩርባ ላይ ከቆመ ከኋላ ለሚመጣው አይታይም። ምልክቱን እስከ 150 ሜትር ድረስ ወደ ኋላ ወስዶ ማኖር የተፈቀደው ለዚሁ ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ኩርባ ላይ እንዳይቆም ማድረግ ይቻላል። እናንተ ግን መሪ ጨብጦ እንቅልፍ ስለወሰደው ሰው አንድም መልስ አልሰጣችሁኝም።

የሾፌር ልጅ፦
ሰጥቼሃለሁ። ክፍያውን አስተካክሉ፣ ይተኛ።