ለአዲስ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የደስታ መግለጫ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ (ከደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከተማ የአንድ የእድሮች ኅብረት ጸሐፊ ነኝ። ሽማግሌዎቻችን አዲስ የተዋቀረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤውን በመረጠ ማግስት የሚላክ የደስታ መግለጫ ከወዲሁ አርቅቄ እንድጠብቅ አዘውኛል፤ ማን እንደሚመረጥ ስለማይታወቅም የስሙን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ሁላችንም «አያ» የምንላቸው አንድ አዛውንት መክፈቻውን እንዲህ ብለው አስጽፈውኛል፦ «ክቡር ጌታችን ሆይ፣ የአገሪቱን ሕግ በሚያወጣው ታላቅ ሸንጎ ላይ ስለ ተሾሙ እንኳን ደስ አለዎት፤ ሹመት ያዳብር፤ አንቱም የወሎን ሕዝብና የተበላሸ መንገዳችንን እንዳይረሱ አደራ።» ቃላቸው ደስ ይላል፤ ለአገር አቀፍ ምክር ቤት ግን እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? እሳቸውን ሳላስቀይም ምኑን ላስተካክል?

መልስ (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እኔ በመዝገብ ቤት ሥራ ያረጀሁ ጡረተኛ ስለሆንሁ ከስሕተቱ ልጀምር። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 መሠረት ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን በአንቀጽ 62 የተዘረዘረ ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት የተቀመጠው ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን ነው፤ በክልሎች መካከል ለሚነሣ አለመግባባት መፍትሔ መፈለግና የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር መወሰንም የእሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ምርጫውን ሲያስተጓጉል ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ በትርጉም የተወሰነው በዚሁ ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ «ሕግ በሚያወጣው» የሚለውን ሰርዘህ «ሕገ መንግሥቱን በሚተረጉመው» በል፤ አለዚያ ደስታውን የገለጻችሁት ለሌላ ቤት ይሆናል። «ሸንጎ» የሚለውም የ1979ኙን ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎ ስለሚያስታውስ ይቅር።

ቁጥርና ቀን እንዳትረሳ። እኔ ራሴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ያለ ቁጥር የላክሁት ደብዳቤ ሦስት ወር ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ከርሟል። ማኅተሙንም ፊርማው ጠርዝ ላይ አሳርፈው እንጂ በስሙ ላይ አታድርገው፤ ስም ከተሸፈነ ማን እንደጻፈ አይነበብም።

መልስ (ከከሚሴ)

እኔን ያሳሰበኝ «ክቡር ጌታችን» የሚለው ነው። ስሙ ባዶ ከሆነ ወንድ ይመረጥ ሴት በምን ታወቀ? የዚህ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ አፈ ጉባኤ ወይዘሮ አልማዝ መኮ ነበሩ፤ በኋላም ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም መርተውታል። «የተከበሩ» የሚለው ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን፣ በምክር ቤቶቻችንም የተለመደ ስለሆነ፣ እሱን ብትጠቀም ከጭንቀት ትድናለህ። «አንቱ» በወሎ አነጋገር ከባድ አክብሮት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ከ«እርስዎ» ጋር ሲደባለቅ ሁለት ሰው የጻፈው ይመስላል። «ስለ ተሾሙ» የሚለው ደግሞ በንጉሡ ዘመን ያምር ነበር፤ ያኔ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበርና። የዛሬውን አፈ ጉባኤ ግን ምክር ቤቱ ራሱ ከአባላቱ መካከል ስለሚመርጥ «ስለ መመረጥዎ» ማለት ይገባል። «ሹመት ያዳብር»ም ከዚሁ ጋር መውጣት አለበት።

መልስ (ከሐይቅ)

እቴ፣ በመጨረሻው አልስማማም። «ሹመት ያዳብር» ምርቃት ነው እንጂ የሕግ ቃል አይደለም፤ ቀበሌ ሊቀ መንበር ለተመረጠም ሰው ይባላል፤ የሰማ ሁሉ ይገባዋል። ወሎ ያለ ምርቃት ምን ይልካል? መክፈቻው ላይ አይቀመጥ እንጂ ከፊርማው በላይ ቢያርፍ የአዛውንቱ ድምፅ በደብዳቤው ውስጥ ይቀራል፤ ጸሐፊውም ከእሳቸው ጋር አይጣላም።

መልስ (ከባቲ)

እኔ አርጎባ ነኝ። በሕገ መንግሥቱ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ይወከላል፤ ቁጥራችን ትንሽ ቢሆንም ወንበር አለን። አፈ ጉባኤው የዚያ ሁሉ ወንበር አፍ ነው። ድጎማ የሚያከፋፍለውንና በክልሎች መካከል የሚፈርደውን ጉባኤ የሚመራ ሰው ገና ወንበሩ ሳይሞቅ «ወሎን እንዳይረሱ» ሲባል፣ ዳኛን በችሎት ደጃፍ እጅጌውን እንደመጎተት ነው። የመንገዱ ጉዳይ እውነተኛ ችግር ስለሆነ ለሚመለከተው የመንገድ መሥሪያ ቤት ለብቻው አቤቱታ ጻፉ፤ በደስታ ደብዳቤ ጀርባ አታሳዝሉት።

ጠያቂው (ከደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ተቀምጠን እንደሚከተለው አስተካክለነዋል፦

«ለተከበሩ ……፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ አዲስ አበባ። ጉዳዩ፦ የደስታ መግለጫን ይመለከታል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም አደራ የተጣለበትን ምክር ቤት በአፈ ጉባኤነት እንዲመሩ በመመረጥዎ የተሰማንን ደስታ በአክብሮት እንገልጻለን። ትንሽ ትልቅ ሳይባል የሁሉም ቃል በእኩል የሚሰማበት የሥራ ዘመን እንዲሆንልዎ እንመኛለን። ሹመት ያዳብር።»

አያ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «ሸንጎ» መውጣቱን ምንም አላሉም፤ መንገዱ መቅረቱን ሲያዩ ግን «እንግዲያው ያኛውንም ደብዳቤ ዛሬውኑ ጀምረው» ብለው ሌላ ወረቀት አቀበሉኝ።