ክርክር፦ መንፈሳዊ የፍቅር ልብወለድ ለሴት ልጆቻችን እንምከር?

አስተባባሪ፦ አሜሪካ ባሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን የሚያድጉ ልጃገረዶች በእንግሊዝኛ የሚያነቧቸው ክርስቲያናዊ የፍቅር ልብወለዶች፣ በተለይም የፍራንሲን ሪቨርስ «ሪዲሚንግ ላቭ»፣ በወጣቶች የንባብ ዝርዝራችን ይካተቱ ወይስ ይቅሩ? ሐሳባችሁን ስጡን።

የወጣቶች አገልጋይ፦ እኔ ይቅሩ ባይ ነኝ። ደራሲዋ የነቢዩ ሆሴዕንና የከዳችውን ሚስቱን የጎሜርን ታሪክ ወደ 1850ዎቹ የካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ወስዳ ብትጽፈውም፣ የነቢዩ ጋብቻ እግዚአብሔር ለከዳው ሕዝቡ ያለውን ፍቅር ለማሳየት የታዘዘ ምልክት እንጂ ባል ለምትመርጥ ልጅ የተሰጠ አርአያ አይደለም። ከዚህም በላይ በልብወለዱ ውስጥ በሆሴዕ ቦታ ያለው ማይክል፣ በዝሙት ንግድ የምትኖረውን ኤንጀልን የሚያገባት ክፉኛ ተደብድባ ራሷን በቅጡ በማታውቅበት ሰዓት ነው። ይህን ፍቅር ብለን ለልጆቻችን እንስጥ?

የንባብ ክበብ አባል፦ ወንድሜ፣ ያነሡት ትዕይንት እኔንም ያስጨንቀኛል፤ ሆኖም መጽሐፉ እዚያ ላይ አያበቃም። ኤንጀል ደጋግማ ስትጠፋ ማይክል ተከትሎ ይመልሳታል፤ በመጨረሻ ስትሄድ ግን አይከተላትም። እርሷም በሳን ፍራንሲስኮ እንደ እርሷ በዝሙት ንግድ ለተጎዱ ሴቶች መጠጊያ ከፍታ ዓመታትን ካሳለፈች በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳት በገዛ ፈቃዷ ወደ እርሱ ትመለሳለች። ሆሴዕ ሚስቱን በ15 ጥሬ ብርና በገብስ ገዝቶ እንደ መለሳት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እኔም አንድን የፍቅር ልብወለድ የምመዝነው ሴቲቱ የመሄድ ነጻነት አላት ወይ ብዬ በመጠየቅ ነው።

በዚህ ሚዛን ለታዳጊዎች የማስቀድመው እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመውን የካናዳዊቷን የጃኔት ኦክን «ላቭ ከምስ ሶፍትሊ» ነው። ማርቲ ወደ ምዕራብ በመጓዝ ላይ ሳለች ባሏ ይሞትባታል፤ ሚስቱ የሞተችበት ክላርክም ለትንሿ ልጁ እናት እንድትሆንለት ያገባታል። ችግር የወለደው ጋብቻ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ክላርክ ቤቱን ለእርሷ ለቅቆ ከቤቱ ጎን በተቀጠለች ማደሪያ ይተኛል፤ በጸደይም መመለስ ከፈለገች የጉዞዋን ወጪ እንደሚከፍልላት ቃል ይገባላታል። ፍቅሩ የሚበቅለው እንጨት ሲፈለጥ፣ ምግብ ሲያርና ሕፃኗ ስታለቅስ ነው፤ የልጆቻችንን ልብ ያሠለጥናል የምለውም ይህን ዓይነቱን ነው።

የታዳጊ እናት፦ እህቴ፣ በሚዛንሽ እስማማለሁ፤ ዕድሜ ግን አይዘንጋ። የሪቨርስ መጽሐፍ በ1991 መጀመሪያ የወጣው ለጠቅላላ አንባቢ ነበር፤ በ1997 ለክርስቲያን አንባቢ ተስተካክሎ ቢታተምም፣ በልጅነቷ ለዝሙት የተሸጠች ሴት ታሪክ መሆኑ አልቀረም። ከ18 ዓመት በታች ላሉት አይሰጥ።

የወጣቶች አገልጋይ፦ የጃኔት ኦክ መጽሐፍ ይካተት፣ አልቃወምም። የሪቨርስን በተመለከተ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ የመጀመሪያውን ጋብቻ ትክክል ያደርገዋል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ ለአዋቂዎቹም ቢሆን ያ ትዕይንት በግልጽ ውይይት እንዲደረግበት ካልተወሰነ ድምፄን አልሰጥም።