«መገልበጥ» እና «ግልባጭ»፦ መዝገበ ቃላት ሲገለበጥ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጎንደር ነኝ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነ የቃላት ፋይል አለን፣ በኤክስኤምኤል የተሰናዳ፣ እያንዳንዱ ክፍል በምልክት ተለይቶ የሚጻፍበት የፋይል ዓይነት ነው። አሁን በስታይልሺት፣ ማለትም ፋይሉን ወደ ሌላ ቅርጽ በሚቀይር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ልናደርገው ነው። ሥራውን «መገልበጥ» ብዬ ስጽፍ አንድ ወዳጄ «ግልባጭ ማለት እኮ ኮፒ ነው፣ ሰው ኮፒ አደረጋችሁት ነው የሚለው» አለኝ። ምን እንበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወዳጅሽ አልተሳሳተም፣ ግን የያዘው አንዱን ፍቺ ብቻ ነው። ገለበጠ ብዙ ቦታ የሚገባ ቃል ነው። ገጽ ይገለበጣል። ምጣድ ላይ ያለ ቂጣ ይገለበጣል፤ እንጀራ ግን አይገለበጥም። አሸዋ ጭኖ ወደ አዘዞ የሚወርደው መኪና ገልባጭ ይባላል፣ መንገድ ስቶ ከወደቀ ደግሞ ራሱ ተገለበጠ እንላለን። መንግሥት ይገለበጣል። የቀረሽበት ቀን ትምህርት ከጓደኛ ደብተር ይገለበጣል። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ፦» ተብሎ የሚጻፈውም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ወዳጅሽ የያዘው ይሄንን ነው። «በግልባጩ» ስንል ግን ተቃራኒውን ማለታችን ነው።

እኔ ለዚህ ሥራ የምወደው የልብስ ሰፊውን መገልበጥ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ፒያሳ ኮቱን ሲያስገለብጥ አብሬው ሄጄ ነበር። እንደ ካልሲ ውስጡን ወደ ውጭ የሚያወጡት መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ግን መጀመሪያ ስፌቱን ሁሉ ተረተረው። እጅጌው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ፣ ገበሩ ለብቻ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ፀሐይ ባልነካው ፊቱ አዙሮ እንደገና ሰፋው። ኮቱ አዲስ መሰለ። የደረት ኪሱ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል።

ስታይልሺቱም የሚሠራው ይሄንኑ ነው፣ መተርተርና እንደገና መስፋት። ፋይላችሁ ውስጥ አማርኛው መግቢያ ቃል ነው፣ ከሥሩ የቃል ክፍሉ አለ፣ ከዚያ ፍቺዎቹ፣ በየፍቺው ውስጥ ደግሞ የእንግሊዝኛ አቻዎቹ። ስታይልሺቱ የሚጻፍበት ቋንቋ ኤክስኤስኤልቲ ይባላል፤ እሱ እያንዳንዱን አቻ ከተቀመጠበት ያነሳል፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ይሰበስባል፣ በፊደል ተራ ይደረድራል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ወደ ላይ ወጥቶ አማርኛውን ይዞለት ይመጣል። በፈረንጆች 2007 በወጣው በ2.0 እትሙ መሰብሰቡ አንድ ትእዛዝ ነው፣ ፎር ኢች ግሩፕ ይባላል። በ1999 በወጣው በ1.0 ግን ይህ ትእዛዝ ስለሌለ «ኪይ» በሚባለው የማውጫ ትእዛዝ ዙሪያ ጥምጥም ትሄጃለሽ። ብራውዘር ቢበዛ የሚያውቀው 1.0ን ብቻ ስለሆነ 2.0ን በሚያውቅ እንደ ሳክሰን ባለ ፕሮግራም ሥሩት፣ ብዙ ጊዜ ታተርፋላችሁ።

ማሽኑ ይሄን ሁሉ በሰከንድ ይጨርሰዋል። የሚያደክመው ኪሱ ነው፣ ሲገለበጥ ቦታውን የሚስተው።

የመጀመሪያ ቀን እኔ የገጠመኝን ልንገርሽ። የግሶቹ የእንግሊዝኛ ፍቺ ሁሉ በ«ቱ» ይጀምራል፤ ቱ ኢት፣ ቱ ራይት፣ ቱ ስሊፕ። ሲገለበጥ በላውም ጻፈውም ተኛውም «ቲ» ፊደል ሥር ተከመሩ፣ መብላትን በ«ኢ» የሚፈልግ ሰው ባዶውን ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። አቻው በ«ቱ» እና በክፍት ቦታ ከጀመረ፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ሆሄ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ለመደርደሪያው ከአራተኛው ሆሄ ጀምረሽ ውሰጂ።

የፔሸንት ነገር ደግሞ አለ። ታጋሽም ሆደ ሰፊም እንግሊዝኛቸው ፔሸንት ነው፣ ታካሚም ፔሸንት ነው። በቃሉ ብቻ ከሰበሰብሽ ሆደ ሰፊው ሰውዬ ሆስፒታል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ስትሰበስቢ ቃሉንና የቃል ክፍሉን አጣምረሽ ይሁን፣ ቅጽሉ ለብቻ ስሙ ለብቻ ይወጣል።

ይሄም የማያድንሽ ቦታ አለ። ጉርሻን ውሰጂ። አንደኛው ፍቺ በእጅ የምናጎርሰው ነው፣ ሁለተኛው ለአስተናጋጅ የምንተወው ገንዘብ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ቲፕ ይባላል። ጫፍም ቲፕ ነው። ጠቃሚ ምክርም ቲፕ ነው። ሦስቱም ስም ስለሆኑ የቃል ክፍል አይለያቸውም። ስትገለብጪው «ቲፕ፦ ምክር፣ ጉርሻ፣ ጫፍ» ብሎ ያወጣልሻል፣ አማርኛ የሚማር ሰው ደግሞ የእርሳሴ ጉርሻ ተሰበረ ብሎ ይጽፋል። አቻው ሲነሳ ፍቺውን የሚለየው ማስታወሻም አብሮት መነሳት አለበት፣ የአስተናጋጅ፣ የእርሳስ እየተባለ። ማስታወሻው ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ግን ስታይልሺት ከየት ያመጣዋል? ተቀምጦ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ኮቱ ገባኝ። ሆደ ባሻስ? እኛ ጋ ፍቺው አንድ መስመር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

መልስ፦ እሱ ነው ልቤን የሚነካው። ሆደ ባሻ በትንሽ ነገር ቅር የሚለው፣ እንባው ቅርብ የሆነ ሰው ነው፣ በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል አይገኝም። ስለዚህ ጸሐፊው «አ ፐርሰን ሁ» ብሎ ያብራራዋል። ዓይን አውጣንም እንደዚያ ይጀምረዋል፣ አፈ ጮሌንም፣ ነገረኛንም። ሲገለበጥ ሁሉም «ኤ» ፊደል ሥር «አ ፐርሰን ሁ» እያሉ ተሰልፈው ታገኛቸዋለሽ፣ እዚያ ደግሞ ማንም አይፈልጋቸውም። እነዚህ የአማርኛ ምርጥ ቃላት ናቸው፣ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው።

እኔ ያደረግሁት አቻና ማብራሪያን በሁለት የተለያየ ታግ፣ ማለትም የኤክስኤምኤል ምልክት፣ መለየት ነው። አቻ ይገለበጣል፣ ማብራሪያ ግን ባለበት ይቀመጣል። ማብራሪያ ብቻ ላላቸው ቃላት ደግሞ በሦስተኛ ታግ የመፈለጊያ ቃል በእጄ ጨመርኩ። ለሆደ ባሻ ሴንሲቲቭ የሚለውን ሰጠሁት። ልክክ አይልም፣ ግን ፈላጊው በዚያ በር ገብቶ ሙሉ ማብራሪያውን ያነባል።

አንድ ቀን በተቃራኒው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያለውን ለመገልበጥ ካሰባችሁ ደግሞ ፊደሉን አስቡበት። አንዱ ሐኪም ሌላው ሀኪም ብሎ ጽፎ ከሆነ ሁለት መግቢያ ቃል ይሆናል፣ በመሐላቸውም የ«ለ» ቃላት በሙሉ ይገባሉ። ፊደልን በፊደል በሚተካው ትራንስሌት በሚባል ትእዛዝ ሐሑሒሓሔሕሖን ወደ ሀሁሂሃሄህሆ አዙሪ፣ ኀንም፣ ሠንም፣ ዐንም፣ ፀንም እንደዚያው። ይሄ ለመሰብሰቢያና ለመደርደሪያ ብቻ ነው። የሚታተመው ጸሐፊው የጻፈው ፊደል ይሁን፣ እሱን አትንኪበት።

ስሙን በተመለከተ «የተገለበጠ መዝገበ ቃላት» በዪው፣ «ግልባጭ» አትበዪው። ወዳጅሽ አሁንም ከተጠራጠረ ስለ ኮቱ ንገሪው።