ክርክር፦ «ነፋሱ እንኳ ይፈራል» ዳግም መሠራቱ ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

አወያይ፦ ለዛሬ የቀረበው ሜክሲኳዊው ዳይሬክተር ካርሎስ ኤንሪኬ ታቦአዳ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዕይታ ያበቃው «ነፋሱ እንኳ ይፈራል» («አስታ ኤል ቪዬንቶ ቲዬኔ ሚዬዶ») የተሰኘው ፊልም ነው። ይህን ፊልም በ2007 ጉስታቮ ሞሄኖ እንደገና ሠርቶታል፤ ታቦአዳ በ1969 እና በ1975 የሠራቸው ሌሎች ሁለት አስፈሪ ፊልሞችም በ2009 እና በ2014 ዳግም ተሠርተዋል። አንድ አገር የቆዩ ፊልሞቿን እንዲህ ደግማ መሥራቷ ቅርሷን ማክበር ነው ወይስ ማደብዘዝ?

ነባር ተመልካች፦ እኔ ጎድቶታል ባይ ነኝ። ፊልሙን ላላዩት ያህል፣ በሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የምትማረው ክላውዲያ በግቢው ግንብ ውስጥ የተሰቀለች ልጅ በሕልሟ እየታየቻት ትሠቃያለች፤ ወደ ተከለከለው ግንብ ከጓደኞቿ ጋር ስትገባ በመያዟም ርእሰ መምህርቷ ቤርናርዳ ልጆቹ የዕረፍት ጊዜያቸውን እዚያው ታግደው እንዲያሳልፉ ትቀጣቸዋለች። ክላውዲያ ጤነኛ ናት። ነፋሱ ስሟን ሲጠራ እኛም አብረናት እንሰማለን፤ የሚያስጨንቀውም ከድምፁ ይልቅ የሰማችውን አምኖ የሚቀበላት አለመኖሩ ነው። የ2007ቱ ፊልም ግን ታሪኩን ወደ ሥነ አእምሮ ክሊኒክ አዛውሮ፣ ክላውዲያን ራሷን ለማጥፋት ሞክራ የገባች ታካሚ አደረጋት። ገና ከመነሻው እንድንጠራጠራት ሰበብ ስለተሰጠን፣ ጥፋቱ ከተቋሙ ትከሻ ወርዶ በልጅቷ ላይ ተጫነ።

አዲስ ትውልድ፦ በአክብሮት አልስማማም። የነባሩ ፊልም ኃይል የክላውዲያ ጤነኛነት ከሆነ መጨረሻውን ምን ሊሉት ነው? ከግንቡ ወድቃ ሞተች ከተባለች በኋላ የምትነሣው በሕልሟ ስታያት የነበረችውን የተሰቀለችውን ልጅ፣ የሟቿን የአንድሬያን ጠባይ ይዛ ነው፤ ቤርናርዳም በዚያው ግንብ ተሰቅላ ትገኛለች። ታቦአዳ መንፈሱ እውነት መሆኑን በግልጽ ነግሮናልና፣ ነገሩ የአእምሮ ነው ወይስ የመንፈስ የሚለው ጥርጣሬ ረዘም ያለ ዕድሜ የሚያገኘው በክሊኒኩ ውስጥ ነው። ደግሞስ ወላጅ ዛሬ «አስተካክሉልኝ» ብሎ ልጁን አስረክቦ የሚሄድበት ቦታ የትኛው ነው?

የታሪክ ተማሪ፦ ፊልሙ የወጣበት 1968 ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን በሜክሲኮ ሲቲ፣ በትላቴሎልኮ አደባባይ፣ ወታደሮች በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው ብዙዎችን ገድለዋል። ወጣቶችን ቆልፎ የሚቀጣ ሥልጣን የታየበትን ፊልም ከዚያ ዘመን ነቅለን የትም ልንተክለው የምንችል አይመስለኝም።

ነባር ተመልካች፦ ወዳጄ፣ መደምደሚያዎ ለእኔ ወገን ቢሆንም መንገዱ አያስኬድም። ፊልሙ የተቀረጸው ከግድያው በፊት ነውና ታቦአዳ ስለ ትላቴሎልኮ ተናገረ ማለት አንችልም። ከቀኑ ይልቅ ሰዎቹን እንይ። ቤርናርዳን የምትጫወተው ማርጋ ሎፔስ፣ በ1949ኙ «ሳሎን ሜክሲኮ» የታናሽ እህቷን የአዳሪ ትምህርት ቤት ክፍያ ለመሸፈን በምሽት ቤት የምትሠራ ሴት ሆና የተወነችው ናት። ያን ፊልም ያስታወሰ ተመልካች እሷኑ በአዳሪ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትቀጣ ሲያይ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ ይህን ደግሞ የትኛውም አዲስ ሥራ ሊተካው አይችልም።

አዲስ ትውልድ፦ ማርጋ ሎፔስን የሚተካ አለ አላልኩም። እኔ ግን ወደ ታቦአዳ የደረስኩት በ2007ቱ ፊልም በኩል ነው፤ እሱ ባይኖር ዛሬ እዚህ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም ነበር።

ነባር ተመልካች፦ መንገድ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የነባሩ ፊልም እንብርት አንድ ክልከላ ነው፦ የአንድሬያ እናት በጠና ታማ ሳለ ቤርናርዳ ልጅቷ ሄዳ እንድትጠይቃት ፈቃድ ነፈገቻት፣ ልጅቷም ራሷን ሰቀለች። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለው ክልከላ ጭካኔ መሆኑን ለማወቅ ማስረጃ አያሻም። በክሊኒክ ግን ያው ክልከላ የሐኪም ትእዛዝ ሊባል ይችላል፤ ተመልካቹም በቀላሉ ይቅር ይለዋል።

አዲስ ትውልድ፦ እኔስ ይቅር አልለውም። ርእሰ መምህርቷን ቢያንስ ጨካኝ ናት ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ «ለጤናሽ ነው» ተብሎ በፊርማ የተከለከለች ልጅ ግን አቤት የምትለው ለማን ነው?