ነባር ቤት የኤሌክትሪክ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ምን መጠበቅ ይገባል?

ነባር ቤት፦

ጤና ይስጥልኝ። ከወላጆቻችን የወረስነው ቤት ከተሠራ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከምናውቀው ድረስ የኤሌክትሪክ መስመሩ አንድም ጊዜ ተቀይሮ አያውቅም። ሶኬቶቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ናቸው፤ ፊውዞቹም የሸክላ ናቸው። በቅርቡ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሲፈታ የሽቦው ልባስ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ያየው ባለሙያ ሁሉም መቀየር አለበት ብሎናል። ሥራው እየተካሄደ ቤቱ ውስጥ መኖር ይቻላል ወይ? ግድግዳውስ ምን ያህል ይነካል? ደህናውን መስመር ትቶ የተጎዳውን ብቻ መቀየር አያዋጣም ወይ? ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በትክክል መሠራቱን ሙያው የሌለን ሰዎች በምን እናውቃለን?

መስመር ዘርጊ፦

ሙያዬ ስለሆነ ከሦስተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። የሚፈረፈረው ልባስ የጎማ ይመስለኛል፤ ፕላስቲክ ከመለመዱ በፊት ሽቦ የሚሸፈነው በጎማ ነበር፤ ጎማ ደግሞ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ይደርቃል። ልባሱ በማብሪያ ማጥፊያው ጫፍ ላይ ከተፈረፈረ በግድግዳው ውስጥ ያለውም ከዚያ የተሻለ ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም፤ አሮጌው ሽቦ ከአዲሱ ጋር ለመገናኘት በተጣጠፈ ቁጥር ልባሱ ስለሚሰነጠቅ፣ ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው ብዙ ጊዜ አዲስ ብልሽት በመጋጠሚያው ላይ መትከል ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በግምት መወሰን የለበትም። የልባሱን የመቋቋም አቅም የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በተለመደው 230 ቮልት መስመር ላይ ልኬቱ የሚካሄደው ኃይል ተቋርጦ፣ ዕቃዎች ሁሉ ተነቅለው፣ በ500 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም (ከአንድ ሚሊዮን ኦም፤ ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው) በታች ከሆነ መስመሩ ተቀባይነት የለውም። ባለሙያው ይህን ልኬት በየመስመሩ አድርጎ ቁጥሩን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ በኋላ ላይ ተጨምሮ የተዘረጋ፣ የፕላስቲክ ልባስና የግራውንድ ሽቦ (ብልሽት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ያለው መስመር ከተገኘና ልኬቱን ካለፈ ሊቀር ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ባለ ሁለት ቀዳዳውን ሶኬት ግራውንድ ባለው ሶኬት ተክቶ ከጀርባው የግራውንድ ሽቦ አለመዘርጋት ከቀድሞውም የባሰ አደጋ ነው፤ ምክንያቱም የብረት አካል ያለው ዕቃ የሚሰካ ሰው የሌለውን መከላከያ አለ ብሎ ያምናል። ፊውዙን አውጥቶ በአሮጌው ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር መግጠምም እንዲሁ ነው። ብሬከር በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ፣ ልኩ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት እንጂ በምንፈልገው ኃይል አይደለም።

አድሳሽ፦

ስለ መኖሩ እኔ ልመልስ፤ ቤተሰብ ሳይወጣ የተሠራም፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ የተሠራም ቤት አይቻለሁና። መኖር ይቻላል፤ ነገር ግን ክፍል በክፍል ስለሚሠራ ጊዜው ይረዝማል፤ ሕፃን ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ግን ባትሞክሩት እመርጣለሁ። ዋናው ፈተና የመብራት መጥፋት አይደለም፤ ባለሙያው ለማቀዝቀዣና ለአንድ ሁለት መብራት የሚሆን ጊዜያዊ መስመር ሊያዘጋጅ ይችላል። የሚያስመርረው አቧራው ነው። ልስን በማሽን ሲቆረጥ የሚነሣው ዱቄት በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የሚቆረጠው ክፍል በር በላስቲክ ይታሸግ፤ ማሽኑም አቧራ የሚስብ ቱቦ የተገጠመለት ይሁን፤ ዱቄቱ ሳንባን ይጎዳል።

ግድግዳው የሚነካው ከየሶኬቱና ከየማብሪያ ማጥፊያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሚሄድ ቀጥ ያለ ቦይ ነው። አቋራጭ ፍለጋ በሰያፍ የሚቆርጥ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፤ ወደፊት ምስማር የሚመታ ሰው ሽቦው በየት እንደሚያልፍ መገመት አይችልም። ቦዩ ተደፍኖ የተለሰነው ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ ይነሣል፤ ስለዚህ መስመሩ አለቀ ከተባለ በኋላም ቤቱ ለሳምንታት የተጠጋገነ ሆኖ ይቆያል። ልስኑና ቀለሙ የማን ሥራ እንደሆነ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

የሶኬት ቦታ ምርጫንም ለባለሙያው ብቻ አትተዉት። አልጋና ጠረጴዛ የሚቀመጡበትን አስባችሁ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ በሩ ወደየት እንደሚከፈትም ተመልከቱ፤ ማብሪያ ማጥፊያ ከበር ጀርባ ተቀብሮ የቀረበት ቤት ጥቂት አይደለም። ቦዮቹ ከመደፈናቸው በፊት ሜትር ደግፋችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሡ።

ነባር ቤት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ኮርኒሱ ግራጫ፣ እንደ ሲሚንቶ ያለ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ ሽቦው በላዩ ያልፋል። በአዲሱ የብሬከር ሰሌዳ ላይ ሰውን በኤሌክትሪክ ከመያዝ የሚያድን ብሬከር ይገጠማል ተብሏል፤ እሱ ካለ ግራውንድ ባይኖርም ችግር የለውም ይባላል፤ እውነት ነው?

መስመር ዘርጊ፦

በኮርኒሱ ሰሌዳ ልጀምር፦ እንዳትነኩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ የሲሚንቶ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ይቀላቀልባቸው ነበር፤ በዓይን መለየት ስለማይቻል ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይመረመር መብሳትም መስበርም አይገባም። አስቤስቶስ ከሆነ አነሣሡ ለብቻው ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የመስመር ሥራውም ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

ስለ ብሬከሩ የተባለው ግማሹ ብቻ ልክ ነው። አርሲዲ የሚባለው መከላከያ በአንዱ ሽቦ የሚሄደውንና በሌላው የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ለሰው ደኅንነት በሚገጠመው ዓይነት 30 ሚሊአምፒር ሲደርስ በሴኮንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። ግራውንድ ካለ ግን ብልሽቱ ገና በዕቃው ላይ ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ በግራውንዱ ሽቦ ስለሚፈስ መከላከያው ማንም ሳይነካው ይቆርጣል፤ ግራውንድ ከሌለ የሚቆርጠው ሰው ከነካው በኋላ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በተጨማሪም አንድ ሰው ፌዙንና ኒውትራሉን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ) በአንድ ጊዜ ቢይዝ መከላከያው የሚያየው ልዩነት ስለሌለ አያድነውም። የመሞከሪያ ቁልፉን አልፎ አልፎ ተጫኑት፤ ቁልፉ ግን የመከላከያውን መሥራት እንጂ የግራውንዱን መኖር አያሳይም።

አድሳሽ፦

ያልተመለሰው የመጨረሻው ጥያቄ ስለሆነ ልጨምር። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የየመስመሩን የልባስ ልኬት፣ የግራውንድ ሽቦው ሳይቋረጥ መያያዙንና መከላከያው የቆረጠበትን ጊዜ የሚያሳይ፣ ባለሙያው የፈረመበት የምርመራ ወረቀት ተቀበሉ፤ ሕጉ በሚያዝበት ቦታ የሚመለከተው አካል ምርመራም ይጨመርበታል። ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ በብሬከር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም ከጠፋው ክፍል ጋር መስማማቱን ራሳችሁ ፈትሹ፤ ይህ ሙያ አይጠይቅም። ጥቂት ሶኬቶችንም እንዲፈታላችሁና እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የተላጠ መዳብ ከመያዣው ውጪ መታየት የለበትም፤ ሽቦውም ቀስ ብሎ ሲሳብ መንቀሳቀስ የለበትም። የምትፈትሹት በዚያ መስመር ላይ ኃይል ከተቋረጠና መቋረጡ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።