«የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ለምትሉን በሙሉ

የ4 ኪሎ ልጅ፦ ጠዋት ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሬዲዮው «የውጭ ኢንቨስትመንት በመስፋፋቱ ለበርካታ ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሲል ረዳቱ ከት ብሎ ሳቀ። ልጁ በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ። ተፈጠረ የተባለውን ያየ ካለ ይጠቁመን፣ ሄደን እንሳለመው።

ማሜ ፒያሳ፦ ሥራ መች አሉ? «የሥራ ዕድል» ነው ያሉት። ሎተሪ አዟሪውም ዕድል ነው የሚሸጥልህ።

ሐኒ ካዛንቺስ፦ ማላገጥ ይቀላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 2008 ሲመረቅ የገቡት ሴቶች ሎተሪ ነው የወጣላቸው? የአክስቴ ልጅ እዚያ ሰፍታ ነው ሁለት ታናናሾቿን ያስተማረችው። ፓርኩን የመታው ፖሊሲው ሳይሆን የአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል፣ መነጠቅ ነው። ባይደን ጥቅምት 2014 አሳወቀ፣ ኅዳር ላይ የአሜሪካው ልብስ አምራች ፒቪኤች ፋብሪካዬን ዘጋሁ አለ፣ መነጠቁ ታኅሣሥ 23 ተፈጻሚ ሆነ። አለቀ።

ማሜ ፒያሳ፦ በአንድ ሰው ፊርማ ከጠፋማ ዕድል ነበር ማለት ነው፤ ራስሽ መሰከርሽልኝ። ለመሆኑ ካዛንቺስ የሚባል ሰፈር አሁንም አለ?

ሐኒ ካዛንቺስ፦ ሰፈሩ ፈርሶ ገላን ጉራ ነው ያለሁት፤ ስሜን ግን አልቀይርም። አንተስ ፒያሳ የቱ ጋ ነህ? አስፋልቱ ላይ?

ብሌን፦ ሰፈሩን ተዉትና ወደ ደመወዙ። 2011 ላይ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሐዋሳን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብለው ጻፉ፤ ልብስ ሰፍተው ከሚልኩ አገሮች ዝቅተኛው። የቤት ኪራይ ተከፍሎ ምን ይተርፋል? ሌላ ጥናት ደግሞ አምስት ድርጅቶች የቀጠሯቸውን ሲከታተል፣ ከአራት ሠራተኛ ሦስቱ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀው ተገኙ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ለባለ ዶላሩ ጉልበታችን ባንድ ሌሊት ረከሰ፣ ለሠራተኛዋ ዘይቱ ተወደደ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ካለ ስንት ዓመቱ?

እውነት ይነገር፦ እህቴ፣ ደመወዙን በአዋጅ ስቀዪው፣ ባለሀብቱ ጓዙን ጠቅልሎ ጎረቤት ይገባል። በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ወጣት ሥራ ፍለጋ በሚወጣበት አገር ማማረጥ አያምርብንም። ዕድል ማለት በር መክፈት ነው፤ መግባቱ ያንተ ፋንታ።

የ4 ኪሎ ልጅ፦ በር! የትኛው በር? አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ና፤ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ግፊያውን እይ።

እውነት ይነገር፦ ዛሬም ሰሌዳ ሥር? ዓለም የት ደርሷል! 5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው የኦንላይን ሥልጠና ላይ ተመዝገብ።

የ4 ኪሎ ልጅ፦ ሰርተፍኬቱ አለኝ። እናቴ ፍሬም አስገብታ ሰቅላዋለች።

ላዳ ነጂ፦ ቴክኖሎጂ አትበሉኝ። ስቴዲየም ተራ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ደንበኛዬ አሁን ስልኩን ነካ አድርጎ ሌላ መኪና ይጠራል። እናንተ ተፈጠረ የምትሉት የኔው ሥራ ነው፣ እጅ ቀየረ እንጂ።

ሐኒ ካዛንቺስ፦ ወንድሜ፣ በዝናብ ቀን ስትጠሩብን የነበረውን ዋጋ ረሳኸው?

ላዳ ነጂ፦ ያንቺ ዝናብ የኔን ልጆች አስተምሯል።

ጡረተኛው፦ በኛ ጊዜ ዲግሪ የያዘን መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር፣ በ500 ብር። ዕድል ምናምን አልሰማንም።

ማሜ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ ብሔራዊ ውትድርናም ይመደብ ነበር። እሱንም ይጨምሩበት እንጂ።

ጡረተኛው፦ አንተ ልጅ፣ ያኔ መች ተወለድክና!

ብሌን፦ እውነት ይነገር፣ ስለ ቦርዱ ጠይቄህ በር ብለህ ሄድክ።

እውነት ይነገር፦ መጀመሪያ አንዱን ፓርክ ሄዳችሁ ጎብኙ። ከዚያ እናወራለን።

ማሜ ፒያሳ፦ በየትኛው በር?